ካርዱ ላይ ያለው 64 ከምን ተሠራ?

ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ እስከ 12ኛ ክፍል ፈተና ድረስ አራት ዓመት አለ። በእነዚህ አራት ዓመታት ልጅዎን ከራሱ ትምህርት ቤት ውጭ ሆኖ የሚመዝን አገር አቀፍ ፈተና የለም። ድሮ መሀል ላይ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ ቀርቷል። ስለዚህ ልጁ በርትቷል ወይስ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚለውን ለቤተሰብ የሚነግረው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የካቲት አካባቢና ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ካርድ ብቻ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ካርዱ እጃችን ሲገባ ዓይናችን ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ታች፣ አማካይና ደረጃ ወደተጻፈበት ነው። ጎረቤቱም አጎቱም የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ግን ከካርዱ ሁሉ ስለ ልጁ ትንሹን የሚናገሩት እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ለምን እንደሆነ ለማየት ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚሠሩ ከሥር መጀመር ይሻላል።

በየትምህርቱ ትይዩ የሚጻፈው ከ100 ነው። ይህ 100 በአንድ ቀን ፈተና የሚገኝ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና የሚባለውን ካመጣ ወዲህ ውጤት ሴሚስተሩን ሙሉ እየተጠራቀመ ይመጣል፦ ቴስት፣ ኩዊዝ፣ ሚድ፣ አሳይመንት፣ የቡድን ሥራ፣ የክፍል ተሳትፎ፣ አንዳንዴም የደብተር አያያዝ፣ መጨረሻ ላይ ፋይናል። ድርሻቸው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ፋይናሉን ከ30 የሚይዝ አለ፣ ከ40 የሚይዝ አለ፣ ከ50 የሚይዝም አለ።

የተከታታይ ምዘና ዓላማ መጀመሪያውኑ ማርክ ማጠራቀም አልነበረም። መምህሩ አንድ ምዕራፍ እንዳለቀ አጭር ፈተና ይሰጣል፣ ግማሹ ክፍል እንዳልገባው ያያል፣ ተመልሶ ያስተምራል። የሚፈተነው ተማሪው ብቻ ሳይሆን ትምህርቱም ጭምር ነው። በተግባር ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አምስት ሴክሽን የሚያስተምር መምህር አንድ አሳይመንት ባዘዘ ቁጥር 300 ወረቀት ይጠብቀዋል። በአምስት በአምስት አድርጎ በቡድን ካሠራቸው 60 ወረቀት ብቻ ያርማል። እሱም ሰው ነውና በቡድን ያሠራል። ከአምስቱ አንዷ ቤቷ ተቀምጣ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ አምስቱም ከ10 ዘጠኝ ያገኛሉ። ይህን ተማሪም መምህርም ያውቀዋል። የማያውቀው ካርዱን የሚፈርመው ወላጅ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብን እንዲህ ከፋፍሎ ይይዛል እንበል፦ ቴስት 15፣ ሚድ 20፣ አሳይመንት 10፣ የቡድን ሥራ 10፣ ደብተርና ተሳትፎ 5፣ ፋይናል 40። አንደኛው ተማሪ ከቴስት 9፣ ከሚድ 11፣ ከፋይናል 19 አመጣ፤ አሳይመንቱ፣ የቡድን ሥራውና ደብተሩ ግን ሙሉ ለሙሉ ተሰጠው፣ 25 ከ25። ድምር 64። ሁለተኛዋ ከቴስት 12፣ ከሚድ 15፣ ከፋይናል 23 አመጣች። አሳይመንት አንዱን አላስረከበችም፣ 5 ብቻ ተያዘላት፤ ከቡድን ሥራ 7፣ ከደብተርና ተሳትፎ 2። ድምር 64።

ካርድ ላይ ሁለቱም 64 ናቸው። ብቻቸውን ተቀምጠው ከሠሩት 75 ነጥብ ውስጥ ግን ልጁ ያመጣው 39 ነው፣ በመቶ ሲሰላ 52። ልጅቷ ያመጣችው 50 ነው፣ በመቶ ሲሰላ 67 ገደማ። የእሱ ችግር ሒሳብ ነው። የእሷ ችግር ሥራ በሰዓቱ አለማስረከብ ነው። መድኃኒታቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ለእሱ አስጠኚ ቢቀጠርለት ይጠቅመዋል፤ ለእሷ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው፣ የሚያስፈልጋት ማታ ማታ «ነገ የሚረከብ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ነው።

ይህን ክፍፍል ታዲያ ማን ያሳያል? እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የተሳሳተ በር ያንኳኳል። ካርድ የሚያድለው የክፍል ኃላፊው፣ ሆም ሩም የሚባለው መምህር ነው። እሱ ዘንድ ያለው ሮስተር ነው፦ የክፍሉ ተማሪዎች ስም ከላይ እስከ ታች፣ ትምህርቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በየሳጥኑ አንድ አንድ ቁጥር፣ ከ50 በታች የሆነው በቀይ። ያችን አንዲት ቁጥር የሚያቀብለው የየትምህርቱ መምህር ነው። የክፍል ኃላፊው የሒሳብ 64 ከምን እንደተሠራ እንደ እርስዎ ሁሉ አያውቅም፤ እሱ ራሱ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሊሆን ይችላል። ክፍፍሉ ያለው በሒሳብ መምህሩ ማርክ ሊስት ላይ ነው። ስለዚህ ካርድ በሚሰጥበት ቀን የክፍል ኃላፊውን አመስግኖ የሒሳብ መምህሩ የት እንዳለ መጠየቅ ነው። በዚያ ቀን አብዛኛዎቹ መምህራን ግቢ ውስጥ ይገኛሉ።

ሲያገኙትም አጠያየቁ ላይ ነው ነገሩ።

«መምህር፣ ልጄ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እናቴ፣ ትንሽ መበርታት አለበት።»

ይህን መልስ ያልሰማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ጥያቄውም ሰፊ ነው። ጠበብ ሲያደርጉት መልሱም ይጠብቃል፦ «ፋይናሉን ከ40 ስንት አመጣ? ከሚዱ ጋር ሲተያይ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? በብዛት የሳተው የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?» ለእነዚህ «ትንሽ መበርታት አለበት» መልስ አይሆንም። መምህሩ ማርክ ሊስቱን ይከፍታል። ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የፈተና ወረቀቱ ቢኖር ይመረጣል፤ ወረቀት ለተማሪ የሚመልስ ትምህርት ቤት ከሆነ ልጁ ይዞት እንዲመጣ አስቀድሞ መንገር ነው። ወረቀቱን «ጠፋብኝ» የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ አልጠፋበትም።

አሁን ወደ ደረጃ እንምጣ። ደረጃ የሚወጣው የሁሉም ትምህርት ውጤት ተደምሮ፣ ተማሪዎቹ በድምራቸው ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው ነው። እኩል ድምር ያላቸው አንድ ደረጃ ይይዛሉ፣ ቀጣዩ ቁጥር ይዘለላል። የዓመቱ አማካይ ሁለቱ ሴሚስተሮች ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ የሚገኘው ነው፤ የዓመቱ ደረጃም ከዚያ እንደገና ይወጣል። በአንደኛው ሴሚስተር 3ኛ፣ በሁለተኛው 5ኛ የወጣች ልጅ የዓመቱ 2ኛ ልትሆን ትችላለች፤ ከእሷ በላይ የነበሩት አንዴ ወጥተው አንዴ ከወረዱ። ስህተት መስሏቸው የሚከራከሩ ወላጆች አሉ፣ ስህተት ግን አይደለም።

በዚህ አሠራር ሁለት ነገር ይደበቃል። አንደኛው፣ ሁሉም ትምህርት ከ100 ስለሚያዝ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ ያለው ሒሳብና ጥቂት ክፍለ ጊዜ ያለው የሰውነት ማጎልመሻ ድምሩ ላይ እኩል ይመዝናሉ። አሥር ትምህርት የሚወስድ ልጅ በስምንቱ 80 እያመጣ በሒሳብ 42፣ በፊዚክስ 44 ቢያመጣ አማካዩ 72.6 ነው። ምናልባት 9ኛ ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ዶሮ ባይታረድም «ጎበዝ» ይባላል። ልጁ 10ኛ ክፍል ከሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ሊመርጥ ነው። «ኢንጂነር ነው የምሆነው» ያለ እንደሆነ ከ72.6 ይልቅ 42ና 44 ናቸው መነበብ ያለባቸው። ለዚያ ምርጫ ድሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይመክር ነበር። አሁን የሚመክረው ካርዱ ነው፣ ለዚያውም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ለሚያነበው።

ሁለተኛው፣ ደረጃ ልጁ ምን እንደሚያውቅ አይናገርም፤ ከእነማን ጋር እንደተቀመጠ ነው የሚናገረው። ያው ልጅ በአንዱ ሴክሽን 4ኛ፣ በሌላው 15ኛ ሊሆን ይችላል። በግል ትምህርት ቤት 25 ተማሪ ካለበት ክፍል 10ኛ መውጣትና በመንግሥት ትምህርት ቤት ከ65 ተማሪ 10ኛ መውጣት አንድ አይደለም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ደግሞ ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። ደረጃ ልጅን ያበረታል የሚሉ መምህራን አሉ፣ አልቃወምም። ሆኖም የሚያበረታው በብዛት ከአንድ እስከ አምስት ያሉትን ነው። 38ኛ የሆነው ልጅ ከሚቀጥለው ዓመት ምን እንዲጠብቅ ነው 38 ተብሎ የሚነገረው? ከ38 ወደ 31 ቢመጣ ሊሸለም የሚገባው እሱ ነበር፤ እንዲህ ያለውን የሚሸልም ትምህርት ቤት ግን ብዙ አይደለም።

በካርዱ ላይ ጠባይና የቀረበት ቀን የሚሉ ሁለት ትንንሽ ቦታዎችም አሉ። ጠባይ ላይ ከባድ ጥፋት ካልተሠራ በቀር ለሁሉም አንድ ዓይነት ፊደል ስለሚሞላ ብዙ አያስጨንቅ። የቀረበት ቀን ላይ ግን ይቁሙ። ልጁ ማለዳ ከቤት እየወጣ ካርዱ 14 ቀን ቀርቷል ካለ ወሬው ከሒሳብ ይበልጣል።

ማለፊያው 50 ነው። ይህም ከ1986ቱ ፖሊሲ የመጣ መስፈርት ነው። ዝርዝሩ ግን፣ ለምሳሌ አማካዩ 50 ሞልቶ ስንት ትምህርት ከ50 በታች ቢሆን እንደሚያስደግም፣ በየክልሉና በየከተማው ትምህርት ቢሮ መመሪያ ነው የሚታየው። ይህን በጥቅምት ወር፣ ገና ዓመቱ ሲጀመር የክፍል ኃላፊውን መጠየቅ ነው። ሰኔ ላይ የሚጠይቅ ወላጅ መልሱን የሚያገኘው ካርዱ ላይ በተመታ ማኅተም ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግቢ ውስጥ ያለው ነው። ከግቢ ውጭ ሲወጣ ነገሩ ይከብዳል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲወስዱት ተደረገ። ቀደም ባሉት ዓመታት ስርቆትና ኩረጃ አስቸግሮ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. እንዲያውም ፈተናው ወጥቶ በመገኘቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተፈተኑት የመጀመሪያዎቹ 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፣ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እነዚህ ሁሉ ልጆች 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ 50ና ከዚያ በላይ እያመጡ፣ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ይዘው ነው። ከመካከላቸው 80ና 85 አማካይ የነበራቸው ብዙ ናቸው።

መምህራን ማርክ ስለሚያድሉ ነው ብሎ መዝጋት ይቀላል። የሚያድሉ አሉ። ክፍያ ያስከፈለ የግል ትምህርት ቤት ወላጅን በቀይ ቀለም መሸኘት አይፈልግም፤ የመንግሥቱ መምህርም ብዙ ተማሪ ሲወድቅበት «ለምን ወደቁ?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ማካካሻ ይሰጣል። ነገር ግን ማንም ሳያድል እንኳ ክፍተቱ ይኖር ነበር። የክፍል ፈተና የሚያወጣው ያስተማረው መምህር ራሱ ስለሆነ ያስተማረውን ያህል ብቻ ይጠይቃል፤ ከመጽሐፉ ስምንት ምዕራፍ አምስቱን ብቻ ከሸፈነ ፈተናው ከአምስቱ ነው፣ የቀሩት ሦስቱ ካርዱ ላይ አይታዩም። ቴስቱ የአንድ ምዕራፍ ስለሆነ የትናንቱን ሸምድዶ የመጣ ያልፋል፤ የ12ኛው ፈተና ግን ከአንድ ዓመት በላይ የተማሩትን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይጠይቃል። ከ100ው ውስጥ 25ቱ ወይም 30ው የቡድንና የቤት ሥራ ሲሆን እዚያ ግን ቡድን የለም። በቋንቋም በኩል፣ በክፍል ውስጥ መምህሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጥያቄ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አፍታቶ ይነግራቸዋል፤ አዳራሽ ውስጥ የሚያፍታታ የለም።

ለዚህ ነው ብቻውን ተቀምጦ የሠራውን ለይተው ይጠይቁ የምለው። ከላይ ያለው ልጅ 64 ብሎ ሲያስብ የኖረው 52 ነበር፤ ካልተማረው ምዕራፍ ሲጠየቅ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። 12ኛ ክፍል ሲደረስ የሚሰጠው ሞዴል ፈተና ለእውነቱ ቀረብ ይላል፣ በተለይ በዞን ወይም በክፍለ ከተማ ደረጃ ወጥቶ ከሆነ። ብዙ ልጆች «ሞዴል አይያዝም» ብለው ቀለል አድርገው ይወስዱታል። እውነት ነው፣ ካርድ ላይ ላይያዝ ይችላል። ካየኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ግን የማምነው እሱን ነው።

ካርዱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ትምህርት ቤቱ በመሀል ለወላጅ የሚደርስበት መንገድ ከቦታ ቦታ ይለያያል፦ የግሎቹ የመገናኛ ደብተር አላቸው፣ አሁን አሁን ደግሞ የቴሌግራም ቡድን፤ የመንግሥቶቹ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባና «ወላጅ ይምጣ» በምትለው ብጣሽ ወረቀት። የቴሌግራም ቡድን ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ የልጅን ውጤት መጠየቂያ ግን አይደለም፤ 60 ወላጅ ፊት «የልጄ ፊዚክስ እንዴት ነው?» ብሎ መጻፍ ልጁን ማሳፈር ነው። ከሚድ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ማለትም ሴሚስተሩ ገና ግማሽ ሳለ፣ አንድ ቀን በእግር ሄዶ ሁለት መምህር ማነጋገር ከሰኔ 30 ረጅም ሰልፍ በላይ ይጠቅማል። ያኔ የተነገረ ነገር ለማስተካከል ፋይናሉ ገና ከፊት አለ።

ቤሩት ወይም ጅዳ ሆነው የልጅ ወጪ የሚሸፍኑ እናቶች ይህን ማድረግ አይችሉም። ካርዱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይላክላቸዋል፣ አንዳንዴም ታችኛው ክፍል ብቻ። እነሱ ማድረግ የሚችሉት ካርዱ ሙሉ ሆኖ፣ የሁለቱም ሴሚስተር ዓምድ እየታየ እንዲላክ መጠየቅና ካርድ ተቀባይዋን አያት ወይም አክስት ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች ማስያዝ ነው። በድምፅ መልእክት ልኮላቸው መምህሩ ፊት ማጫወት ይቻላል፤ መምህራኑ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም።

ስህተት ሲገኝ ምን ይደረጋል? ይገኛል፤ ቁጥር ከማርክ ሊስት ወደ ሮስተር፣ ከሮስተር ወደ ካርድ ሲገለበጥ 78 87 ይሆናል፣ የአንዱ ውጤት ስሙ ለሚመሳሰለው ይጻፋል። ደህና የተደራጀ ትምህርት ቤት ሮስተር ከመዘጋቱ በፊት ተማሪዎች ማርካቸውን አይተው እንዲያረጋግጡ ቀን ይሰጣል፤ ልጁ በዚያ ቀን እንዳይቀር። ካርድ ከተሰጠ በኋላ ከሆነ መንገዱ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የትምህርቱ መምህር ማርክ ሊስቱን አይቶ ያረጋግጣል፣ ቀጥሎ የክፍል ኃላፊው ሮስተሩን ያርማል፣ ከዚያ ሪከርድ ክፍል ያለው ቋሚ መዝገብ ይስተካከላል። የአንድ ልጅ ማርክ ሲቀየር የሌሎቹ ደረጃ ስለሚናጋ ትምህርት ቤቶች ለቅሬታ የሚሰጡት ጊዜ አጭር ነው። ክረምቱ ገብቶ መምህሩ አገር ቤት ከሄደ መስከረምን መጠበቅ ይመጣል፤ እስከዚያ መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዘዋወር ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል።

ሲታረምም ካርዱ ላይ ብቻ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ቢጻፍ በቂ አይደለም። ካርድ እቤት የሚቀመጥ ወረቀት ነው። ልጁ 12ኛን ሲጨርስ የሚወጣው ትራንስክሪፕት የሚገለበጠው ከሪከርድ ክፍሉ ቋሚ መዝገብ ነው፣ የ9ኛ ክፍል አንደኛ ሴሚስተር ውጤትም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ውጭ አገር ለመማር ሲያመለክት የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ስለዚህ እርማቱ መዝገቡ ላይ መግባቱን ሪከርድ ክፍል ድረስ ሄደው በዓይንዎ ይዩት።